ስደት ሁሉ ሂጅራ ነውን?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ! በመስጊድ ደጃፍ፣ በሻይ ቤት፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት አንድ ንግግር ደጋግመህ ሳትሰማ አትቀርም። ወጣቱ ጓዙን ሲሸክፍ «ወዴት ነው?» ያሉት እንደሆነ «ስደት ሱና ነው፤ ነቢዩስ ተሰደው የለም እንዴ?» ይላል። አባቱም «ምድሪቱ ሰፊ ናት፤ አላህ ያቅናልህ» ብሎ ይመርቀዋል። ደላላውም ይህንኑ ቃል ተምሮ በየገጠሩ ሲዞር ከንግዱ ወሬ በፊት ያስቀድመዋል። አንዳንድ ጊዜም ዱዓ በሚደረግበት ቦታ፣ ከእኛ ከኪታብ ሰዎች አፍ ሳይቀር ይሰማል።

ይህ ንግግር ላይ ላዩን ሲያዩት ያማረ ነው። ቁርኣንም ሲራም ያለበት ይመስላል። ይሁንና ሰው ሕይወቱን የሚያስይዝበትን ማስረጃ ሳይመረምር ሊቀበል አይገባም። አንድ በሬ ለመግዛት ሦስት ገበያ የሚመላለስ፣ ጥርሱን ቆጥሮ፣ ሰኮናውን ዳብሶ፣ ባለቤቱን አጠያይቆ የሚገዛ ገበሬ፣ ልጁን ወደ ባሕር ማዶ ለመስደድ ግን በአንድ ደላላ ቃል መርካቱ ምንኛ የሚያስገርም ነው! ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ንግግሩ የቆመባቸውን ማስረጃዎች አንድ በአንድ እንመረምራለን። መሄድ ሐራም ነው ልንል አይደለም፤ መቅረት ግዴታ ነው ልንልም አይደለም። የምንተቸው ሂያጁን ሰው ሳይሆን፣ ለእንጀራ የሚደረገውን ጉዞ ያለ ልኩ የሂጅራን ልብስ የሚያለብሰውን አባባል ነው።

አንቀጹ ለማን ወረደ?

«ምድሪቱ ሰፊ ናት» የሚሉ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፉት በሱረቱ አን-ኒሳእ 97ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ነፍሳቸውን በድለው ስለሞቱ ሰዎች ያወሳል። መላእክት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ይጠይቋቸዋል፤ እነርሱም ደካሞች እንደነበሩ ያመካኛሉ፤ መላእክቱም ምድር ሰፊ ሆና ሳለ ለምን እንዳልተሰደዱ ይወቅሷቸዋል። ኢማም አል-ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ይህ አንቀጽ የወረደው እስልምናን ተቀብለው ሳለ መካ ውስጥ ከአጋሪዎች ጋር ስለቀሩ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች የአጋሪዎቹን ሠራዊት ብዛት እያሟሉ በጦር ሜዳ ተገኝተው እዚያው የተገደሉ ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በል! ወቀሳው ደሃ ሆነው በመቅረታቸው አልመጣም። ቤታቸው ሣር ክዳን ስለነበረ፣ ጎረቤታቸው ቆርቆሮ ስላለበሰ አይደለም። ዲናቸውን መያዝ ባልቻሉበት ቦታ፣ መውጣት እየቻሉ በመቅረታቸውና በመጨረሻም ወንድሞቻቸውን በሚወጋ ጦር ውስጥ በመሰለፋቸው ነው። ተከታዩ 98ኛ አንቀጽ ደግሞ መላ የሌላቸውንና መንገድ የማያውቁትን ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከዚህ ወቀሳ ነፃ ያወጣል። 100ኛው አንቀጽ ለተሰዳጁ ስፋትንና መጠጊያን ቃል ሲገባም ስደቱ በአላህ መንገድ መሆኑን ይገልጻል። ደላላው የሚጠቅሰው ከእነዚህ ሁሉ መካከል ምድር ሰፊ ናት የምትለዋን ብቻ ነው። ከፊቷና ከኋላዋ ያለውን ግን ይተዋል። አንቀጽን እንዲህ ቆርጦ መጥቀስ በየትኛውም መድረሳ ጀማሪ ደረሳን የሚያስወቅስ ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም ይህን የመሰለ ወሬ ተነሥቶ ነበር። ኢብኑ ሒባን እንደዘገቡት ፉደይክ የተባሉ ሰው ወደ ነቢዩ መጥተው፣ ያልተሰደደ ሰው ጠፍቷል እየተባለ መሆኑን ነገሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላትን እንዲያቋቁሙ፣ ክፉን እንዲርቁ፣ ከዚያም ከሕዝባቸው ምድር በፈለጉበት እንዲኖሩ መለሱላቸው። ዛሬም በየመንደሩ «የቀረ ጠፋ» ይባላል። መልሱም ያው ነው። መካ ከተከፈተች በኋላ ሂጅራ እንደሌለ፣ የቀረው ጂሃድና ኒያ መሆኑን የሚገልጸውን በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስም ዑለማዎች ሲያብራሩት፣ ከመካ የመውጣቱ ግዴታ ማብቃቱን ያመለክታል ይላሉ። ኢብኑ ቁዳማ በአል-ሙግኒ ኪታባቸው በሂጅራ ረገድ ሰዎችን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ዲኑን መግለጽ ያልቻለና የመውጣት አቅም ያለው ግዴታ አለበት፤ አቅም የሌለው ግዴታ የለበትም፤ ባለበት ዲኑን መግለጽ የሚችል ደግሞ ቢወጣ ይወደድለታል እንጂ አይገደድም። ይህ ሁሉ ክፍፍል ከሓዲዎች ከሚገዙት ምድር ስለመውጣት የተነገረ ነው። አዛን በሚሰማበት፣ ጁሙዓ በሚሰገድበት መንደር ለሚኖር የደሴ ወይም የከሚሴ ወጣት፣ ስለ ደመወዝ የተነገረ አይደለም።

ታዲያ ለሲሳይ ብሎ መውጣት ማስረጃ የለውም ማለት ነውን? አለው። ሱረቱ አል-ሙልክ በ15ኛው አንቀጽ በምድር ትከሻዎች ላይ ተጉዘን ከሲሳዩ እንድንበላ ያዛል። ሱረቱ አል-ጁሙዓም በ10ኛው አንቀጽ ከሰላት በኋላ በምድር ተበትነን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ይነግረናል። ትክክለኛዎቹ ማስረጃዎች እነዚህ ናቸው። እነዚህ ጉዞውን የተፈቀደ ያደርጉታል። የተፈቀደ ነገር ግን በኒያው፣ በመንገዱና በሚያስከትለው ውጤት ይመዘናል፤ እነዚህ ሲበላሹ እርሱም ይበላሻል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን የኒያ ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነት ጀምረን በቃል እናውቀዋለን። ለዱንያ ወይም ለሚያገባት ሴት የተሰደደ ሰው፣ ስደቱ ለተሰደደለት ነገር ነው። ሐዲሱ እዚህ ላይ ለዱንያ የወጣውን ሰው ኃጢአተኛ አላለውም፤ ጉዞውን ግን በትክክለኛ ስሙ ጠራው። እኛም በስሙ እንጥራው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ሥራ ፍለጋ ነው። ሥራ ፍለጋ ደግሞ ክቡር ነገር ነውና ሌላ ስም መዋስ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እንዴት ወሰኑ?

«ሶሐባዎችም ተሰደዋል» የሚለው ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ይህን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መንገር አያሻም። ታሪኩ የምድራችን ታሪክ ነው፤ በትግራይ ያለችው ነጋሽም ለዚህ መታሰቢያ ናት። ነገር ግን ታሪኩን የምንኮራበትን ያህል አንማርበትም። እስቲ ውሳኔያቸውን ደረጃ በደረጃ እንየው።

አንደኛ፣ ያስወጣቸው ምክንያት ግልጽ ነበር። ሱመያ (ረ.ዐ.) ተገድለዋል፤ ቢላል (ረ.ዐ.) በጋለ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭነውባቸዋል። ሁለተኛ፣ የሚሄዱበት አገር የተመረጠው በሀብቱ አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐበሻን ሲጠቁሟቸው የገለጹላቸው፣ ንጉሡ ማንም የማይበደልበት ሰው መሆኑን ነው። ወርቅ አለ አላሏቸውም፤ ደመወዙ ብዙ ነው አላሏቸውም፤ ፍትሕ አለ አሏቸው። ሦስተኛ፣ አገሩ የማይታወቅ አልነበረም፤ የቁረይሽ ነጋዴዎች ይመላለሱበት ነበር። አራተኛ፣ ብቻቸውን አልወጡም። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ በመጀመሪያ የወጡት 11 ወይም 12 ወንዶችና 4 ሴቶች ሲሆኑ፣ ከነርሱም መካከል ዑስማን (ረ.ዐ.) ከባለቤታቸው ከነቢዩ ልጅ ከሩቀያ (ረ.ዐ.) ጋር ነበሩ። በኋላ የወጡት ወንዶች ከ80 በላይ ሲሆኑ፣ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ.) ከባለቤታቸው ከአስማእ ቢንት ዑመይስ ጋር ወጥተዋል። አምስተኛ፣ መጓጓዣቸው የነጋዴ መርከብ ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከሹዐይባ ወደብ በግማሽ ዲናር ኪራይ ተሳፍረዋል። ስድስተኛ፣ እዚያ ሲደርሱ አንደበት ነበራቸው። ቁረይሾች መልእክተኛ ልከው አስመልሱልን ባሉ ጊዜ፣ ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ቆመው ማንነታቸውን፣ ምን እንደነበሩና ምን እንደሆኑ አስረዱ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ።

ሰባተኛውን ደግሞ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ሐበሻ ሳሉ የቁረይሽ ሰዎች እስልምናን ተቀበሉ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ወሬውን አምነው የተመለሱ ሰዎች መካ ሲቃረቡ ሐሰት ሆኖ አገኙት። ከፊሎቹ በሰው ጥበቃ ሥር ገቡ፤ ከፊሎቹም ዳግም ወጡ። እነዚያ ከኛ የተሻሉ ሰዎች በሩቅ ወሬ ከተሳሳቱ፣ በስልክ በተላከ ፎቶ፣ በተዋሰ መኪና ፊት ቆሞ በተነሣ ሥዕል የሚወስን የዛሬ ልጅ ምን ይባላል?

ስምንተኛ፣ ተመለሱ። ጃዕፈርና አብረዋቸው የነበሩት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ628፣ ኸይበር በተያዘችበት ወቅት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደረሱ። ስደታቸው መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻም ነበረው።

ወደ መዲና የተደረገውን ሂጅራ ያየን እንደሆነም አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን ከአንሷሩ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የንብረታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። ዐብዱረሕማን ግን መርቀዋቸው፣ ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳዩአቸው ብቻ ጠየቁ። በማግስቱ አይብና ቅቤ ይዘው መነገድ ጀመሩ። ልብ በል! ዐብዱረሕማን ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ ባዶ ጭንቅላታቸውን ግን አልነበሩም። ንግድ ይችሉ ነበር። ተቀባይም ወገን ነበራቸው። ሙያና ተቀባይ ወገን የሌለው ስደት ከዚህ ታሪክ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው።

የዛሬው ጉዞ በዚህ ሚዛን

እንግዲህ የዛሬውን ጉዞ በዚሁ ሚዛን እናስቀምጠው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ የሚነሣው ወጣት ብዙውን ጊዜ ከሦስት በሮች በአንዱ ይወጣል። በኮንትራት፣ በዑምራ ስም ወይም «በባሕር»።

ባሕሩን እናስቀድም። በጅቡቲና በየመን መካከል ያለው ጠባብ ባሕር ባብ አል-መንደብ ይባላል፤ ትርጓሜውም የለቅሶ በር ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ስሙን ሲያወጡለት ያለ ምክንያት አላወጡትም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ በጅቡቲ ጠረፍ በኦቦክ አቅራቢያ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሰጥመው በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። በኦገስት 2025 መጀመሪያ ደግሞ በየመን በአብየን ጠረፍ ከ150 በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከተሳፋሪዎቿ የሚበዙት ሞተዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል። ከባሕሩ የተረፈውም የመንን ያገኛል። እዚያ አጋቾች ስደተኛውን ይዘው እየገረፉ ድምፁን በስልክ ለእናቱ ያሰማሉ፤ ቤተሰብ ያልሸጠውን በሬ ያን ጊዜ ይሸጣል። በማርች 2021 ሰንዓ ውስጥ በስደተኞች ማቆያ በተነሣ እሳት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነፍሳት ጠፍተዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ባሕሩ በሚናወጥበት ጊዜ ተሳፍሮ የሞተ ሰው ጥበቃው ከርሱ እንደተነሣ የሚያስጠነቅቅ፣ ኢማም አሕመድ የዘገቡት ሐዲስ አለ። ሱረቱ አል-በቀራም በ195ኛው አንቀጽ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ይከለክለናል። ይህን እያወቁ «ተወኩል አደረግሁ» ማለት ግመልን ሳያስሩ መተው ነው።

በዑምራ ስም የሚወጣው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ኢሕራም አድርጎ፣ ተልቢያ እያለ፣ ልቡ ግን ቪዛው ሲያልቅ በጂዳ የሚደበቅበትን ቤት የሚያስብ ሰው አለ። ቪዛ ውል ነው። ሱረቱ አል-ማኢዳ የሚከፈተው ውሎችን እንድንሞላ በማዘዝ ነው። ካዕባን ለዲን ጉብኝት ከሄዱት መካከል ሆኖ ካዕባን የኬላ ማለፊያ ማድረግ ለማን ይቀላል?

ኮንትራቱ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሕጋዊ በር ነውና። እዚህም ግን ውሸት ገብቶበታል። የ15 ዓመት ልጅ 21 ዓመቷ ነው ተብሎ ፓስፖርት ይወጣላታል፤ ለዚህም የሚመሰክር ጎልማሳ አይጠፋም። የሐሰት ምስክርነት ከከባባድ ኃጢአቶች አንዱ መሆኑን ይህ ጎልማሳ ያውቃል። ክርስቲያን እህቶቻችን እንኳ ሥራ ለማግኘት ሲሉ ስማቸውን ፋጢማ፣ ዘሃራ ብለው ይሄዳሉ። ክፉ አሠሪ ከገጠማት፣ ያቺ ልጅ ስለ እስልምና ይዛ የምትመለሰው ምን ይሆን? በከፋላ ሥርዓት ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ፓስፖርቱ የሚነጠቅበት፣ ደመወዙ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን አሟልቶ ከወሰደ በኋላ ዋጋውን ያልከፈለን ሰው አላህ (ሱ.ወ.) በትንሣኤ ቀን ራሱ እንደሚከራከረው በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ አል-ቁድሲ ተገልጿል። ይህ ሐዲስ በዓረብኛ ነው፤ በዚያ አገር ያሉ አሠሪዎች ያለ ተርጓሚ ያነቡታል። እንግዲህ የአገሩ ቋንቋ ዓረብኛ መሆኑና አዛኑ መብዛቱ ብቻውን የፍትሕ ዋስትና አይደለም። ነጃሺ ሶሐባዎችን ሲቀበል ገና ክርስቲያን ነበር፤ ፍትሑ ግን አስጠግቷቸዋል።

ተቆጪዎቹስ?

እስከዚህ ያነበበ ሰው ይህ ጸሐፊ «ቅሩ» ሊለን ነው ይል ይሆናል። አይደለም። ትችታችን ሚዛኑን እንዲጠብቅ ሌላውንም ወገን መመልከት ይገባናል። በአንዳንድ ኹጥባ «ሪዝቃችሁ ተጽፏል፤ ባላችሁበት ሶብር አድርጉ፤ ዱንያ ፍለጋ አትቅበዝበዙ» የሚል ቁጣ ይሰማል። ተቆጪው ብዙ ጊዜ ምሳው ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ነው። አባቱ ለአራት ወንድማማቾች ያካፈለው ግማሽ ጥማድ መሬት የደረሰው ልጅ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሦስት ዓመት በሰፈር ጥግ የቆመ ወጣት፣ በጦርነት ቤቷ የፈረሰባት እናት ይህን ሲሰሙ ምን ይላሉ? ሶብር ማለት እጅን አጣምሮ መቀመጥ ነውን?

ለዚህ መልሱን የሰጡን ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ናቸው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የተባለ ቦታ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። አንሷሮችን አማከሩ፤ የነርሱም ተለያየ። በመጨረሻም የቁረይሽን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ እነርሱ በአንድ ድምፅ ይመለሱ አሉ። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ዑመር ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ምሳሌም ሰጧቸው። ግመሎች ይዘህ አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትገባ፣ በለምለሙም ብታሰማራ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን አሏቸው።

ይህ ታሪክ ሁለቱንም ወገን ይመልሳል። «ሪዝቅ ተጽፏልና አትንቀሳቀስ» ለሚለው ለምለሙን ወገን መፈለግ ከቀደር መውጣት አለመሆኑን ያስረዳዋል። «ጉዞ ጀምሬያለሁና መመለስ ነውር ነው» ለሚለው ደግሞ፣ የሙስሊሞች መሪ ከግማሽ መንገድ መመለሳቸውን ይነግረዋል። መመለስም ውሳኔ ነው። ከሁሉም በላይ ዑመር ሳይወስኑ በፊት ሦስት ጊዜ ሰው አማከሩ። እኛስ ማንን እናማክራለን? ደላላውን!

ሚናራውና እህታችን

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን፣ ወደ ጀማዓው እንመለስ። በብዙ ከተማና ገጠር አዲስ የተሠሩ መስጊዶችን፣ መድረሳዎችን እናያለን። ወጪያቸው ከየት መጣ ቢባል፣ ትልቁ ድርሻ በዓረብ አገር ሰው ቤት ወለል ከሚወለውሉ እህቶችና ግመል ከሚጠብቁ ወንድሞች የመጣባቸው ብዙ ናቸው። አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ለሚናራው ብር የላከችው እህት ስትታመም፣ ስትባረር፣ አእምሮዋ ተነክቶ በፌስታል ልብሷን ይዛ ቦሌ ስትወርድ፣ ያ ጀማዓ የት ነው ያለው? እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተመልሰዋል፤ ከ2017 በኋላም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተመልሰዋል። ከነርሱ ስንቶቹ በመስጊዳቸው «ደኅና መጣሽ» የሚላቸው አገኙ? ስንቶቹስ ባዶ እጃቸውን በመምጣታቸው ብቻ በገዛ ቤታቸው ተሸማቀው በሁለተኛው ወር ተመልሰው ወጡ?

ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች መካከል በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ ባለዕዳዎችና መንገደኞች ተቆጥረዋል። ለጉዞ ተበድሮ የተመለሰ ልጅ ባለዕዳ ነው። በሰው አገር ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ነው። የሚናራውን ቁመት አንድ ክንድ ቀንሰን ለተመላሽ ልጅ የልብስ ስፌት መኪና ብንገዛ፣ ሚናራው አጠረ ብሎ የሚወቅሰን ማን ነው? መድረሳችንስ ከኪታቡ ጎን አንድ የእጅ ሙያ ቢያስተምር ምን ይጎድልበታል? ነቢያት እረኞች፣ አናጢዎች፣ ብረት ሠሪዎች ነበሩ። አንድ ሰው ገመዱን ይዞ እንጨት በጀርባው አምጥቶ ቢሸጥ ሰውን ከመለመን እንደሚሻለው በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ እናስተምራለን፤ ገመዱን ግን አናቀብልም። ገመድ ሳያቀብል «አትሂድ» የሚል ጀማዓ ሊቆጣ አይገባውም።

ለሚወስን ሰው

ውድ አንባቢ ሆይ! ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ራስህ በውሳኔው ላይ ያለህ ሰው ትሆናለህ፤ አንቺም እህቴ እንዲሁ። እንግዲያው ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን ጥቂት ጥያቄዎች እናቅርብ፤ መልሱ የራስህ ነው።

የሚያስወጣህ ምንድን ነው? ችግር ነው ወይስ የጎረቤት ቆርቆሮ? ችግር መድኃኒት አለው፤ ምቀኝነት ግን በጂዳም በዱባይም አብሮህ ይኖራል።

እነማን በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጂሃድ ፈቃድ የጠየቃቸውን ሰው እንኳ ወላጆቹ በሕይወት እንዳሉ ጠይቀው ወደ እነርሱ መልሰውታል። ዕዳ ካለብህ ደግሞ ሸሂድ ዕዳው ብቻ እንደማይማርለት አስታውስ። ሚስትና ልጆች ትተህ ለስንት ዓመት ነው የምትሄደው? በየወሩ የሚላክ ሐዋላ የአባትን ቦታ አይሞላም።

በየት በር ነው የምትወጣው? ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ፈቃድ ያለው ኤጀንሲን፣ የጽሑፍ ውልን፣ ቢያንስ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪም በአሠሪው ላይ እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲያው የቪዛ ዋጋ ብሎ ከእናትህ ላይ ገንዘብ የሚቀበልህ ሰው ገና ከጅምሩ እየበደለህ ነው። በአራጣ ተበድረህ አትሂድ፤ በረካ ከሌለው ገንዘብ የተጀመረ ጉዞ በረካ አይጠበቅበትም።

ምን ይዘህ ነው የምትሄደው? ቋንቋ፣ ሙያ፣ የሚቀበልህ የታመነ ሰው አለህ? ከሌለህ ስድስት ወር ቆይተህ ሙያውን ተማር። ስድስት ወር ረዥም አይደለም፤ በሰው ቤት ያለ ሙያ የሚያልፍ አንድ ዓመት ይረዝማል።

መቼ ትመለሳለህ? ጉዞ ከቅጣት ክፍል እንደሆነና ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። ቀን ያልተቆረጠለት ጉዞ ጉዳዩ አያልቅም፤ ቤት ሲሠራ መኪና ይቀራል፤ መኪና ሲገዛ ሱቅ ይቀራል።

በመጨረሻም ኢስቲኻራ። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢስቲኻራን እንደ ቁርኣን ሱራ ያስተምሯቸው ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ኢስቲኻራውን የምንሰግደው በሬው ከተሸጠ፣ ብሩ ለደላላው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ይህ አላህን መምረጥ እንዲያግዘን መለመን ሳይሆን፣ እኛ የመረጥነውን እንዲያጸድቅልን መጠየቅ ነው። ሁለቱን ረከዓ በሬው ገና በበረቱ ሳለ ስገዳቸው። ከዚያም የተመለሰን ሰው ጠይቅ፤ በተለይም ባዶ እጁን የተመለሰውን። እርሱ የሚነግርህን ደላላው አይነግርህም።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ብትሄድ፣ ለሐላል ሲሳይ የወጣህ ሠራተኛ ነህና አንገትህን ቀና አድርገህ ሂድ፤ ሰላትህን ጠብቅ፤ ያስቀረሃቸውን አትርሳ። ብትቀርም የቀረህበት ምድር ሶሐባዎች የተጠለሉበት ምድር ነውና አትናቀው። ሁለቱም ቀደር ነው፤ ሁለቱም ሸለቆ የአላህ ነው። ወደ ጥፋት መግባት ግን በየትኛውም ስም ቢጠራ ሂጅራ አይሆንም።

አላህ (ሱ.ወ.) በባሕርና በበረሃ ያለቁትን ይማር፤ በእስርና በሰው ቤት የሚሰቃዩትን ያውጣ፤ የሚወስኑትን ወደ በጎው ይምራ። አሚን። ወላሁ አዕለም።